መታ፣ ገረፈ፣ ደበደበ፤ ስለ ምት ቃላት አጭር ጥናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ጥናታችን ስለ ቃላት ነው። ይኸውም ሰው ሰውን በመታ ጊዜ ነገሩን በምን ቃል እንደምንናገር የሚመለከት ነው። በእንግሊዝኛ ትምህርት ሂት፣ ስትራይክ፣ ስላፕ፣ ፓንች፣ ኪክ፣ ዊፕ፣ ናክ የሚባሉትን ቃላት ለይተን እንድናውቅ እንጠየቃለን። ስላፕ በመዳፍ፣ ፓንች በቡጢ፣ ኪክ በእግር፣ ዊፕ በጅራፍ መሆኑን በቃላችን እንይዛለን። በራሳችን ቋንቋ ያሉትን ዘመዶቻቸውን ግን ቆም ብለን የምንመረምርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጥናቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። በሐሰት የሚመሰክር ሰው ደግሞ ያልሆነውን ሆነ የሚል ብቻ አይደለም፤ የሆነውን ነገር ከልኩ ባነሰ ወይም በበለጠ ቃል የሚናገርም የሐሰት ምስክር ነው። ስለዚህ ስለ ምት ስንናገር ሦስት ጥያቄዎች ልንመልስ ይገባናል፤ በምን? ስንት ጊዜ? ምን ተከተለ?

ሀ) በምን ተመታ?

«መታ» የሁሉም አባት ነው። እጅም፣ ዱላም፣ መብረቅም፣ ውርጭም፣ ፀሐይም ይመታል። የልብ ምት፣ የከበሮ ምት፣ በኳስ ሜዳም ፍጹም ቅጣት ምት የምንለው ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ስፋቱ ግን ጉድለቱም ነው፤ «መታው» ብሎ የነገረን ሰው ገና ብዙ አልነገረንም።

መዳፍ ተዘርግቶ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ጥፊ ነው። እጅ ተጨብጦ ሲሰነዘር ቡጢ ወይም ጡጫ ነው፤ በቡጢ ነረተው ይባላል። የጣት አንጓ አናት ላይ ሲወርድ ኩርኩም ነው። በክርን ጎንን መምታት ጉሸማ ነው። የእግር እርግጫ ይባላል። ካልቾና ቴስታ ደግሞ ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ካልቾ በእግር፣ ቴስታ በግንባር መምታት ነው። አርጩሜና ልምጭ ይሸነቁጣሉ፤ አለንጋና ጅራፍ ይገርፋሉ፤ በዱላና በሽመል ይደበድባሉ፤ በድንጋይ ይወግራሉ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ተወግሮ ዐረፈ እንላለን እንጂ ተገርፎ ዐረፈ አንልም። እንግዲህ ትክክለኛው ቃል ራሱ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል።

ለ) ስንት ጊዜ ተመታ?

እነዚህን ግሦች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ደበደበ፣ ቀጠቀጠ፣ ጠበጠበ፣ ጠፈጠፈ፣ ቆረቆረ። ሁሉም ሁለት ፊደል እየደገሙ የተሠሩ ናቸው፤ ደብ ደብ፣ ቀጥ ቀጥ፣ ጠብ ጠብ። ድርጊቱ መደጋገሙን የቃሉ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። ብረት በአንድ ምት ማረሻ አይሆንም፤ ስለዚህ ይቀጠቀጣል። ኩበት በመዳፍ እየተመታ ይጠፈጠፋል። ስለሆነም አንድ ጊዜ በጥፊ የተመታውን ሰው «ተደበደበ» ብንል ቁጥሩን አበዛን፤ በዱላ ደጋግሞ የተመታውን «ተመታ» ብለን ብናልፍ ደግሞ ቁጥሩን ቀነስን።

ቋንቋችን የማቅለያ መንገድም አለው። «ኮርኮም አደረገው»፣ «ሸንቆጥ አደረገችው»፣ «መታ መታ አደረገው» ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን ነው። ይህ አነጋገር በውነት ቀላል ለሆነ ነገር መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው የታናሽ ወንድማችን ጀርባ ሰንበር አውጥቶ ሳለ መቺው «ትንሽ ሸንቆጥ አደረግሁት» ያለ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው። የተመታው ልጅ ግን ቃሉን ሳይሆን ሰንበሩን ያውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለውም ስለዚህ ነው።

ሐ) ምን ተከተለ?

አንዳንድ ቃላት ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ውጤቱ ይናገራሉ። ፈነከተ ስንል ራስ ተሰንጥቆ ደም ፈሰሰ ማለታችን ነው፤ በድንጋይም ይሁን በዱላ ቃሉ አይለይም። በለዘ ስንል ደም ከቆዳ በታች ረግቶ ሥጋው ጠቆረ ማለት ነው። ሰንበር የጅራፍና የአለንጋ ፊርማ ነው።

ሕግም ይህን መለየት ይፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከባድ የአካል ጉዳትን በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን በአንቀጽ 556 ለይቶ ያስቀምጣል፤ ጉዳት ሳያደርስ በሰው ላይ እጅ ማንሣትን ደግሞ በአንቀጽ 560 «እጅ እልፊት» ይለዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግዲህ አንድ ምስክር በዳኛ ፊት ቆሞ የሚመርጠው ቃል የሰው ዕድሜ በወኅኒ እንዲያልፍ ወይም የተበደለው ያለ ፍርድ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል።

መ) በሸለቆአችን

በጨፋ ሸለቆ የምንኖር ወጣቶች የምት ቃላትን በሥራ ውስጥ እንሰማቸዋለን። ማሽላው ሲያፈራ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወፉን በወንጭፍና በጅራፍ ጩኸት ያባርራል። ያ ጅራፍ ማንንም አይነካም፤ ድምፁ ብቻ ይበቃል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት ግን በድሎ ተበደልሁ ለሚል ሰው የተሰጠ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ ዘለላው በአውድማ ላይ በዱላ ይወቃል። ይህ ምት እንጀራ ይሰጣል።

በዚህ አገር አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ይነገራሉ። አማርኛው ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ ይለዋል፤ ኦሮምኛው ቱምቱ ይለዋል፤ ቱሙ ማለትም መቀጥቀጥ፣ መውቀጥ ነው። ኦሮምኛ ሕግ መደንገግን ሲናገር በዚሁ ግሥ ሴራ ቱሙ ይላል፤ ሴራ ሕግ ማለት ነው። በአማርኛም ዐዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የምትን ቃል ወስደው ለሕግ ሰጡት። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የሚመታው ሕግን ለማጽናት እንጂ ጎረቤትን ለመጣል አይደለም።

የቃል ነገር በእኛ አገር ከባድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ሁለት ጎረምሶች በውኃ መቅጃ ተገፋፉ እንበል። ወሬው መንደር ሲደርስ «ተማቱ» ይሆናል፤ ገበያ ሲደርስ «ተደባደቡ» ይሆናል፤ ወንዝ ሲሻገር «ተፈነካከቱ» ይሆናል። በመጨረሻ የጎረምሶቹ ስም ቀርቶ የወገናቸውና የሃይማኖታቸው ስም ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ያ ሁሉ በቃል ብቻ መጣ አንልም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ተገፋፉ» የሚለውን ቃል «ተፈነካከቱ» ብሎ ለማሳለፍ ሊፈራ ይገባዋል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ማን ጀመረ፣ በምን መታ፣ የት መታ ብለው አንድ በአንድ የሚጠይቁትም ነገሩ በልኩ ካልተነገረ ዕርቁ ስለማይጸና ነው።

ሠ) በቤተ ክርስቲያናችን

ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን መከራ በጥቅሉ «ተመታ» ብላ አላለፈችም። ዐሥራ ሦስቱን ሕማማተ መስቀል እያንዳንዳቸውን በስማቸው ትጠራለች። ከእነዚህ ውስጥ ተጸፍዖ መልታሕት ጉንጭን በጥፊ መመታት፣ ተቀስፎ ዘባን ጀርባን መገረፍ፣ ተኰርዖተ ርእስ ራስን በመቃ መመታት ነው። ጸፍዐ፣ ቀሠፈ፣ ኰርዐ፤ ሦስት ዐይነት ምት፣ ሦስት ግሥ። መከራን በስሙ መጥራት ለተቀበለው አካል ክብር መስጠት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። የግዕዙን ግሦች በስፋት ማየት የሚወድ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛውን ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን ይመልከት።

ከበሮአችንም ይህንኑ ያስተምራል። በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍር በጌታችን ጀርባ ላይ የወጣው ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ መምህራን። በዕለተ ስቅለትም ስግደቱ ካበቃ በኋላ ካህኑ ምእመናንን በወይራ ቅጠል ይጠበጥባል። ይህ ጥብጠባ ቁስል የለውም፤ ስግደትና ንስሐ ያሳስባል እንጂ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ታሪኮችን እናስተውል። በኦሪት ዘኁልቊ ምዕራፍ 20 እንደተጻፈው ሙሴ ዐለቱን እንዲናገረው ታዘዘ፤ እርሱ ግን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውኃው ወጣ፤ ሙሴ ግን ወደ ተስፋዪቱ ምድር አልገባም። በቃል ሊሆን የሚችለውን በበትር ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ደግሞ አንዱ ሎሌ ጌታችንን በጥፊ መታው። ጌታችን ጥፊውን በጥፊ አልመለሰም፤ ዝምም አላለም። ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲመሰክርበት፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን እንደሚመታው ጠየቀው። የእኛም መንገድ ይህ ነው፤ አለመማታት፣ የተመታውንም በዝምታ አለመሸፈን፣ የሆነውን በልኩ መመስከር።

ከምት ቃላት ሁሉ የለሰለሰው «አንኳኳ» የሚለው ነው። ያም መምታት ነው፤ ግን በሩን አይሰብርም፤ የቤቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠብቃል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ጌታችን በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ተጽፏል። ሁሉን የሚችል አምላክ ወደ ሰው ልብ ሲመጣ የመረጠው ምት ይህን ከሆነ፣ እኛም ወደ ወንድማችንና ወደ ጎረቤታችን የምንሄድበት እጅ የሚያንኳኳ እጅ ይሁን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ኩርኩምና ጥፊ፣ ጉሸማና እርግጫ በምን ይለያያሉ?
2. ፊደል እየደገሙ የተሠሩ ሦስት የምት ግሦች ጻፉ፤ እያንዳንዱንም በሥራ ላይ በሚውልበት ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
3. «ሸንቆጥ አደረገው» የሚለው አነጋገር እውነት የሚሆነው መቼ ነው? መሸፈኛ የሚሆነውስ መቼ ነው?
4. በዚህ ሳምንት ስለ ጠብ አንድ ወሬ ብትሰሙ፣ ለሌላ ከመንገራችሁ በፊት በምን፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ተከተለ የሚሉትን ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ወሬውን ምን ልታደርጉት ይገባል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።