ማሾ ከገበያ ወደ ማጀት

ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ባለው የይፋት ቆላ ምን ምን እህል ይበቅላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ማንኛውም ተማሪ ማሽላን፣ ጤፍንና ማሾን ሳያወላውል ይጠራል። ከማሽላ ምን ይሠራል ቢባልም እንጀራውን፣ ገንፎውንና ንፍሮውን ይዘረዝራል። ከማሾስ ምን ይሠራል ሲባል ግን የብዙዎች መልስ «ይሸጣል» የሚል ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ ማሾ የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን የሚበላም መሆኑን፣ ይልቁንም የማሽላችንን ጉድለት የሚሞላ ምግብ መሆኑን ነው።

ማሾ ታናናሽ አረንጓዴ ፍሬ ያለው የጥራጥሬ ዓይነት ነው። የመጀመሪያ አገሩ ሕንድ ሲሆን፣ በዚያ ከ3,500 ዓመታት በላይ ሲዘራ ኖሯል። በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ስለሚደርስ ዝናብ ለሚያጥርበት ቆላ ይስማማል። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾን ማገበያየት ጀመረ፤ እህሉም ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ይላካል።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። በ100 ግራም ደረቅ ማሾ ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲገኝ፣ በማሽላ ውስጥ ያለው ግን 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። ፕሮቲን ሰውነትን የሚገነባ ሲሆን፣ እርሱም አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ላይሲን የተባለው በማሽላ ያንሳል፤ በማሾ ግን ሞልቷል። በአንጻሩ ሜቲዮኒን የተባለው በማሾ ያንሳል፤ ማሽላ ደግሞ በዚህ ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮና ከክክ ወጥ ጋር ማቅረባቸው ይህንኑ ጥበብ በሥራ መግለጣቸው ነው። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለሕፃናት ነው፤ ሆዳቸው ትንሽ ስለሆነ የሚበሉት ጥቂት ምግብ ገንቢ መሆን አለበት።

ማሾአችን ተጭኖ ከሄደ በኋላ ምን ይሆናል? ሕንዶች ከሩዝ ጋር ቀቅለው ኪቸሪ የተባለውን ምግብ ይሠሩበታል። በደቡብ ሕንድ በአንድራ አገር ደግሞ ዘፍዝፈውና ፈጭተው ፔሳራቱ የሚባል ስስ ቂጣ ይጋግሩበታል። ቻይናዎች አብቅለው በቆልቱን ይጠብሱታል፤ ከዱቄቱም እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ፓስታ ያወጣሉ። በፊሊፒን አገር ያሉ ካቶሊኮችም በዓርብ ቀን፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ የማሾ ወጥ መብላት ልማዳቸው ነው። በጾም ወራት ጥራጥሬ መብላትን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከዚህ ቀጥሎ በቤታችን ዕቃ ልንሠራቸው የምንችላቸውን አራት ምግቦች እንገልጻለን።

1ኛ. ወጥ። ማሾው ተለቅሞና ታጥቦ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ይህም ቶሎ እንዲበስልና ማገዶ እንዲቆጥብ ይረዳል። ጠዋት ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት ከተደረጉ በኋላ እርድ ወይም በርበሬ ይጨመራል፤ ከዚያም የበሰለው ማሾ ገብቶ ሲንተከተክ በጨው ተስተካክሎ ይወጣል።

2ኛ. ቂጣ። ሲዘፈዘፍ ያደረ ማሾ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር በደንብ ይደቆሳል። በውሃ ቀጠን ተደርጎ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል፤ እንዲቦካ መጠበቅ አያስፈልግም።

3ኛ. ገንፎ። 3 እጅ ማሽላና 1 እጅ ማሾ ለየብቻ ታምሰው አንድ ላይ ይፈጫሉ። ይህ ዱቄት በደንብ ሲበስል፣ 6 ወር ለሞላቸውና ምግብ ለጀመሩ ሕፃናትም በቀጭኑ ሊሰጥ ይችላል።

4ኛ. በቆልት። የባቄላ በቆልት ወይም የጠላ ብቅል የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ሲዘፈዘፍ ያደረው ማሾ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ጠዋትና ማታም በንጹሕ ውሃ እየታጠበ ይጠነፈፋል። በ2 ወይም በ3 ቀን ይበቅላል። ሲበቅል በደረቁ ፍሬ ውስጥ ጥቂት የነበረው ቪታሚን ሲ ይጨምራል።

ስለ በቆልት ግን አንድ ጥንቃቄ ማወቅ ያስፈልጋል። ሙቀትና እርጥበት ለዘሩ እንደሚስማሙ ሁሉ ለበሽታ ሕዋሳትም ይስማማሉ። በ2003 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበሽታ ሕዋሳት በተበከለ የአብሽ በቆልት ምክንያት አያሌ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ስለዚህ በቆልቱን በጥሬው ከመብላት ይልቅ ቀቅሎ ወይም በደንብ ጠብሶ መብላት ይገባል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ ማሾ አይሸጥ ማለታችን አይደለም። ከእርሱ የሚገኘው ገንዘብ ልብስም ደብተርም ይገዛል። ነገር ግን ምርቱ ሁሉ በጆንያ ተቋጥሮ ሲሄድ፣ ያመረተው ገበሬ ልጅ ማሽላ ብቻ እየበላ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ አውድማው ሲነሳ፣ ዘሩ ተለይቶ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ጥቂት ቁና ማሾ ለቤት ተለይቶ ይቀመጥ። ይህን ትምህርት ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን መንገርና ሥራውንም አብሮ መሥራት ከእኛ ከተማሪዎች ይጠበቃል። ማጀት የሚለው ቃል ከስሟ ውስጥ የሚሰማባት ማጀቴ፣ ማሾ ከገበያዋ እንደማይጠፋ ሁሉ ከማጀቷም አይጥፋ።