ስለ መረጃ ቋትና ስለ ማኅደረ ትውስታ ማነስ

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የየጤና ጣቢያውን ወርኃዊ መዝገብ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ፕሮግራም፤ ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል የመረጃ ቋት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ በሐዋሳ ከተማ በቱላ ያለ ጸሓፊ የወሩን የክትባት ቍጥር ሲያስገባ ፕሮግራሙ በድንገት ቢቋረጥበት፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የጸሓፊው አይደለምና የማኅደረ ትውስታ ማነስ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የኮምፒዩተር ዲስክ እንደ ጎተራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የገባበትን ያቆያል። ማኅደረ ትውስታው ግን እህል የሚያበጥሩበትን ደጃፍ ይመስላል። ቋቱ መዝገብ በተራ እንዲያሰልፍ ሲታዘዝ በዚያ ደጃፍ ሰፌድ ይዘረጋል። የሰፌዱ ስፋት ወርክ ሜም ይባላል፤ ይኸውም ማንም ካልለወጠው 4 ሜጋባይት ነው። ቋቱም በአንድ ጊዜ እስከ 100 ግንኙነት ይቀበላል።

ባለሙያው ሥራው ይፈጥናል ብሎ ሰፌዱን 64 ሜጋባይት ቢያደርገውና መቶው ሁሉ አንዳንድ ሰፌድ ቢይዙ 6,400 ሜጋባይት ይሆናል። ለጋራ ማኖሪያ የተሰጠው 2,048 ሲጨመርበት 8,448 ይደርሳል፤ 8 ጊጋባይት ያለው መኪና ግን 8,192 ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻውን ሁለት ሦስት ሰፌድ ሊይዝ መቻሉንም ብዙዎች ይረሱታል። ደጃፉ ሲጠብ የሊኑክስ ሥርዐት ብዙ ቦታ የያዘውን ሥራ መርጦ ይገድላል፤ ያን ጊዜ ቋቱ የቀሩትን ሁሉ አሰናብቶ እንደ ገና ይነሣል።

የጸደቀው መዝገብ አይጠፋም፤ ቋቱ ጸድቋል ከማለቱ በፊት በዲስክ ላይ ይጽፈዋልና። የሚጠፋው በመካከል የነበረው ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ወረቀቱን ሳይጥል የመጨረሻው ቍጥር መግባቱን አይቶ ከዚያ ይቀጥል።

ባለሙያው በቋቱ የስሕተት መዝገብ ውስጥ «በሲግናል 9» መቋረጡን ቢያገኝ፤ የሥርዐቱን መዝገብ ደግሞ አይቶ ገዳዩን ያረጋግጥ። «አውት ኦቭ ሜሞሪ» የሚለው ስሕተት ግን ቀላል ነው፤ የወደቀው ያ አንዱ ጥያቄ ነውና። ሰፌዱን ወደ 4 ይመልስ፤ ሰፊ ለሚያሻው ሪፖርት በዚያው ግንኙነት ብቻ ያስፋ፤ የግንኙነቱንም ቍጥር ይቀንስ። አዲስ ሜሞሪ መግዛት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አስተማሪውም ይህን በሰሌዳ ላይ ያሠራ፤ 16 ጊጋባይት ባለው መኪና ሩቡ ለጋራ ማኖሪያ፤ ግማሹ ለሌላ ሥራ ቢለይ፤ 40 ሰዎች ሁለት ሁለት ሰፌድ ቢይዙ፤ የአንዱ ሰፌድ ስፋት ቢበዛ ስንት ሜጋባይት ይሆናል?