ፖሊስ ደጅህን ሲያንኳኳ

ልጄ፣ ለብቻህ ቤት መከራየትህን ሰማሁ፤ የሰላም ያድርግልህ። ጥብቅና ላይ ያረጀ አጎት ከምርቃት ሌላ የሚሰጥህ ይህን ነው።

1. ሊበረብሩ ከመጡ በሩን አትወርውርባቸው። «የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዛችኋል?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። መጠየቅ አመፅ አይደለም።

2. ማዘዣውን አንብበው። የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ላፕቶፕ ከተባለ የእናትህን ሐብል አይጨምርም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 መሠረት፣ ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

3. ያለ ማዘዣም የሚገቡበት ጊዜ አለ፤ ተጠርጣሪ እግር በእግር ሲከተሉ፣ ወይም አቤቱታ በቀረበበት፣ ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ማዘዣ እስኪወጣ ይሸሻል ብለው በበቂ ምክንያት ሲያምኑ። ይቺ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ለእኔ በጣም ሰፍታብኛለች። ቢሆንም ደጃፍ ላይ አትታገል፤ ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አነሳ የሚለውን ያዝ። ክርክሩ ችሎት ላይ ነው።

4. የተወሰደው ዕቃ ይመዝገብ፤ ከተቻለም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበት። ስልክህ «አንድ ሞባይል» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ ሞዴሉም፣ ቀለሙም፣ የተሰነጠቀው መስታወቱም ይግባ። ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ «አንድ ሞባይል» ሞልቷል።

5. ዋናው ይሄ ነው፤ ከተያዝክ ቃል አሰጣጥህ። «ንጹሕ ከሆነ ለምን ዝም አለ?» በሚል ሰፈር ነው ያደግነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና ዝም የማለት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። ስምና አድራሻህን ስጥ፤ ከዚያ «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» በል። «እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» የሚልህ ይመጣል፤ በተስፋ ማባበልም እንደ ማስፈራራት ክልክል ነው። ቃል ከሰጠህም ሳታነብ አትፈርም፤ ያላልከው ካለ ይታረም፣ ባዶ ቦታ ካለ ይሰረዝ። ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ መገደድህን ማሳየት ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የደረሰብህን ለዳኛው በመጀመሪያው ቀን ተናገር፤ መዝገብ ላይ ይስፈርልህ፤ ሕክምናም ጠይቅ።

6. ከተያዝክ፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ፖሊስ አንተን አቆይቶ ለመመርመር ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በመደበኛው ሥርዓት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። አንተ ደግሞ ዋስትና ጠይቅ።

7. በቤተሰብና በጠበቃ የመጎብኘት መብት አለህ። የእኔንና የእናትህን ቁጥር በቃልህ አጥና፤ ስልክህ ከተያዘ ከየት ታገኘዋለህ?