ውፍረት፣ ክሳትና የቤታችን ማዕድ

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሰውነታችን በድንገት ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይወፍራል፣ አንዳንዱም ቁመት ብቻ ይጨምራል። ከለውጡ ይልቅ ስለ ለውጡ የምንሰማው ቃል ይከብደናል።

ከከረመ ዘመድ ጋር ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» ወይም «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» የሚል ነው። ይህ ከክፋት አይደለም። የ1966ንና የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ባዩ አያቶቻችን ዘንድ ሞላ ማለት የጤና ምልክት ነውና «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» ይሉናል። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ሲደርስ በዚያው ሰውነቱ «ዱባ» ይባላል፤ በስልክ የሚያያቸውም ቀጫጭኖች ናቸው። አንዱ ሰውነት በአንድ ቀን በሁለት ሚዛን ተመዘነ ማለት ነው።

በፊጂ ደሴቶችም ሞላ ያለ ሰውነት ይከበር ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ገባ። አን ቤከር የተባሉ ተመራማሪ ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ሲጠይቁ፣ ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከመቶ 11 ያህሉ እናደርገዋለን አሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ከአስተሳሰብ አይመጣም። በ1986 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዴንማርክ በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎች ተመርምረው፣ ውፍረታቸውና ክሳታቸው ወደ ወለዷቸው እንጂ ወዳሳደጓቸው ወላጆች አላደላም። እንግዲህ ወፍራሙን ሁሉ «ሆዳም» ማለት በደል ነው። ቤት ምንም አያደርግም ማለታችንም አይደለም፤ ዘይቱንና ለስላሳውን የሚገዛው ቤተሰብ ነው። ጎተራው ባዶ የሆነበት የገበሬ ልጅ ደግሞ የከሳው መርጦ አይደለም።

አብልጦ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። አንዳንድ እህቶቻችን ለመክሳት ሲሉ ጾምን ሽፋን ያደርጋሉ፤ እናትም «ልጄ ጾመኛ ሆነች» ብላ ትደሰታለች። ልዩነቱ የሚታወቀው በፋሲካ ነው፤ ሁሉ ሲገድፍ እርሷ ምክንያት ፈልጋ ከማዕዱ ትነሣለች። የወር አበባዋ ከቀረ ወይም ራሷን ከሳተች፣ ለእናቷ ነግረን ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ ማድረግ የእኛ የጓደኞቿ ድርሻ ነው፤ ምስጢሬን አወጣችሁ ብላ ብታኮርፈንም እንኳ።