ዓመተ ምሕረት የታተመበት ልብስ
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋዮች የቀረበ የመወያያ ትምህርት

ባለፈው ዓመት የጥምቀት በዓል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለፕሮጀክት ክትትል ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ደብር ሄጄ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ታዳጊዎች በግቢው ተሰልፈው መዝሙር ያጠናሉ፤ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ግን ከወይራው ጥላ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ከሩቅ ታዜማለች። ለምን እንዳልተሰለፈች ብጠይቃት «የዘንድሮውን ልብስ አልገዛሁም፤ የእኔ የአምናው ነው» አለችኝ። የአምናውን ልብስ በኋላ አየሁት። ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ስፌቱም አልተተረተረም። ከዘንድሮው የሚለየው በደረቱ ላይ የታተመው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር።

ይህን ልማድ ማንም በክፋት አልጀመረውም። ወጣቶች በአንድ መልክ ደምቀው ታቦቱን ማጀባቸው ያስደስታል። ይሁን እንጂ በየዓመቱ አዲስ ልብስ ሲታዘዝ ወጪው የሚወድቀው በእያንዳንዱ ቤት ላይ ነው፤ መክፈል ያልቻለውም ከአገልግሎቱ ይርቃል። ስለዚህ የቁም ሣጥን ጉዳይ የቤት እመቤቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በመጀመሪያ የልብሱን ጠባይ እንወቅ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ብዙ ያስተምራል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል፤ የሚተወውም ብን የሚል አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ስለሆነ ተጥሎ በቀላሉ አይበሰብስም፤ በታጠበ ቁጥርም ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሮቹ ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳሉ። ዛሬ በዓለም ላይ ለጨርቅ ከሚመረተው የክር ዓይነት ከግማሽ በላዩ ይኸው ነው። በገበያችን የሀገር ልብስ መስሎ ከሚሸጠውም ብዙው ጥለቱ በማሽን የታተመበት ፖሊስተር ሆኗል፤ በዚህም የሽሮ ሜዳና የጋሞ ሸማኔዎች እንጀራቸው እየጠበበ ነው።

እንግዲህ ሰው ሠራሹን ሁሉ ጥለን ወደ ጥጥ እንመለስ የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም በአንድ ወቅት እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ጥጥም ያለ ዋጋ አይገኝም፤ አንድ የጥጥ ካናቴራ ከእርሻው ጀምሮ እስኪሠራ ወደ 2,700 ሊትር ውኃ እንደሚወስድ ይገመታል። የሚያገለግለውን ፖሊስተር ጥሎ አዲስ ጥጥ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ አባከነ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ምንም ዓይነት ጨርቅ ይሁን ረጅም ጊዜ መልበስ ላይ ነው፤ የተሻለው ዓይነት የሚገባው አሮጌው ሲያልቅ በእርሱ ቦታ ነው።

እናቶቻችን ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉት ነበር። ሁለት ድርቡ ነጠላ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው። ጥለቱ ሲደበዝዝ የዘወትር ይሆናል፤ ሲሳሳ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ ከዚያም የመሶብ መሸፈኛ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቁራጭ ደግሞ ተገምዶ የኩራዝ ክር ሆኖ ያበራል። አራት ድርቡ ጋቢም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አይተናል።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ የመጀመሪያው ወር ሥራ መቁጠር ብቻ ይሁን። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ የሚለበሰው፣ ጥገና የሚሻውና ዓመት ሙሉ ያልተነካው ለየብቻ ይቀመጥ። በሁለተኛው ወር ቁልፉ የወደቀው፣ ዚፑ የተበላሸውና ጠርዙ የተተረተረው ይጠገን። ግዢ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ልብስ ብቻ በሚበረክት ዓይነት ቢተካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሣጥኑ ራሱ ይለወጣል። ለምሳሌ በ1,500 ብር የተገዛ ቀሚስ አምስት ጊዜ ብቻ ቢለበስ የአንዱ ቀን ዋጋ 300 ብር ነው። በ3,000 ብር የተገዛ ነጠላ በየሰንበቱ ለስድስት ዓመት ቢለበስ ግን ከ300 ጊዜ በላይ ስለሚያገለግል የአንዱ ቀን ዋጋ ከ10 ብር በታች ይሆናል። እርግጥ ነው፣ 3,000 ብር በአንድ ጊዜ የማያወጣ ምእመን ብዙ ነው። ለዚህ እድር ወይም እቁብ ሊያግዝ ይችላል። በእጅ የተሸመነ ልብስ አዲስ የክብር መለኪያ እንዳይሆንና ልባሽ ጨርቅ ለብሶ የመጣውን ማንም ዝቅ አድርጎ እንዳያይ ካህናት አስቀድመው ሊያስተምሩ ይገባል።

አያያዝም ዕድሜ ይጨምራል። በረኪና ሲበዛ የጥጥን ክር ያሳሳል፤ ሰው ሠራሹን ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። ጥለት ያለው ልብስ ተገልብጦ ቢሰጣ ቀለሙ ይቆያል። እንደ በርኖስ ያለ የሱፍ ልብስ ላብና እድፍ ይዞ ከተቀመጠ ብል ይበላዋል። የተባረኩ አልባሳተ ቅዳሴን በሚመለከት ግን ሥርዓቱ የአባቶች ስለሆነ በዚህ ትምህርት አልገባበትም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩ እንዳለቀሱ ተጽፏል። የሰበካ ጉባኤ ልብስ ሲያሰባስብም ይህ መታሰብ አለበት፤ ለመጣል ያመነታንበትን ቡትቶ ለድሃ መላክ ምጽዋት አይባልም። ታጥቦና ተጠግኖ የመጣው ብቻ ይወሰድ።

የመዘምራንን ልብስ በሚመለከት ከሁሉ አስቀድሞ ዓመተ ምሕረት አይታተምበት። ልብሱ የደብሩ ንብረት ሆኖ በመዝገብ ቢያዝና ልጆች ሲያድጉ ለታናናሾቻቸው ቢተላለፍ ማንም በገንዘብ ምክንያት አይቀርም። ለልብስ ሰፊው ትእዛዝ ሲሰጥ በእጅጌውና በጠርዙ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ እንዲታጠፍ ማሳሰብ ይበጃል፤ ልጅ በሁለት ዓመት ብዙ ያድጋልና።

በጠቀስኳት ደብር የሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን ከተወያየበት በኋላ በአምናው ልብስ ላይ የታተመው ዓመት በጥለት ቁራጭ ተሸፍኖ እንዲሰፋ ፈቅዷል። አንዳንድ ወጣቶች እስካሁን ቅር ብሏቸዋል፤ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብም አልተመለሰም። ልጅቱ ግን በከተራ ዕለት በሦስተኛው ረድፍ ቆማ አይቻታለሁ። የሌሎች አጥቢያዎች ጉባኤያት የዚህን ዓመት ትእዛዝ ለልብስ ሰፊ ከመስጠታቸው በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ፣ ያለፉት ዓመታት ልብሶች ስንት እንደሆኑና በማን ቤት እንዳሉ በመቁጠር ውይይታቸውን ቢጀምሩ መልካም ነው።