"ባል" ስንት ነው?

ባለፈው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ "የቋንቋ ነገር አንቺ ጻፊልን" ስላላችሁኝ ይኸው ሞክሬአለሁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ያየሁ ነኝ፣ ምሁር አይደለሁም። ስለ አንዲት አጭር ቃል ብቻ ነው የምጽፈው፤ እሷም "ባል" ናት። አትሳቁ!

ነገሩ የጀመረው አማን በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ማዳም ጎረቤት ልትሄድ በሩ ላይ ቆማ "ዲሪ ባሊክ ዐል ወለድ" አለችኝ። "ወለድ" ልጅ መሆኑን ከግዕዙ "ወልድ" ገመትኩ። "ባሊክ" ያለችውን ግን "ባልሽ" ብዬ ሰማሁት። ባልና ልጅ እንዳለኝ የጠየቀችኝ መስሎኝ "ማፊ ባል፣ ማፊ ወለድ" ብዬ ሳቅሁ። ቸኩላ ስለነበር ዝም ብላኝ ወጣች። እኔም ካውያውን እንደጋለ አቁሜ ውሃ ላመጣ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ የሁለት ዓመቱ ሕፃን እየጮኸ ነው፤ ሁለት ጣቶቹ ውሃ ቋጥረዋል።

ያለችኝ "ልጁን ተጠንቀቂ" ነበር። ይህን የነገረችኝ ከእኔ ቀድማ የመጣች እኅት ናት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። እስከዚያ ድረስ ማዳም ነግራኝ የናቅኳት ይመስላታል፣ እኔ ደግሞ ምንም ያልነገረችኝ ይመስለኛል። የልጁ ጣት ድኗል፤ እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም።

በዐረብኛ "ባል" ማለት ሐሳብ፣ ልብ ማለት ነው። አዲስ ለመጣችሁት በደንብ ልጻፈው፣ በየቀኑ የምትሰሙት ነውና። "ዲሪ ባሊክ" ቃል በቃል "ሐሳብሽን አዙሪ" ነው፤ ተጠንቀቂ፣ ልብ በዪ ማለት ነው። ይህን ስትሰሙ የያዛችሁትን ሁሉ ትታችሁ ዙሪያችሁን እዩ። "ጠውሊ ባሊክ" ደግሞ "ሐሳብሽን አስረዝሚ" ነው፤ ታገሺ፣ አትቸኩዪ ማለት ነው። "ዐላ ባሊ" ካለች አንድ ነገር አምሯታል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላ። "ራሐት ባል" የሐሳብ ዕረፍት ነው።

ሠርግ ላይ ለመስተንግዶ የተወሰዳችሁ ደግሞ አሮጊቶቹ "ዑቅባሊክ" እያሉ ጉንጫችሁን ሲቆነጥጡ አይታችሁ ይሆናል። እዚህ ውስጥ ባልም የለም፣ ሐሳብም የለም። መከተል ከሚል ሌላ ሥር የመጣ ነው፤ "ተራው ይድረስሽ" እንደማለት ነው። እኔ "ባል ይስጥሽ" የሚሉኝ መስሎኝ "አሜን" እያልኩ ኖሬአለሁ። በስሕተት ትክክል ሆኛለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል የትም ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ከቱርክ የመጣ የማር ብርጭቆ ላይ በላቲን ፊደል "ባል" ተብሎ ተጽፎ አየሁ፤ በቱርክኛ ባል ማር ነው። በሕንድኛና በኡርዱ ባል ፀጉር ነው። ለባንግላዴሽ ሴቶች ግን ይህን ቃል እንዳትሉ፤ በእነሱ ቋንቋ የማይነገር ስድብ ነው፣ እኔ ደርሶብኝ አፍሬአለሁ። በፋርስ ቋንቋ ባል ክንፍ ነው። በፈረንሳይኛ የጭፈራ ግብዣ ነው። እንግሊዝኛም ይህንን ከፈረንሳይ ወስዶታል፤ የሚለጋው ኳስ ግን በዚያው በእንግሊዝኛ ሌላ ቃል ነው፣ ሥሩም ሌላ ነው። በሲንሃላ "ባላ" ታናሽ ነው። ከአገራችንም ሳንወጣ በኦሮምኛ "ባላ" ቅጠል ነው።

እነዚህ ሁሉ ከእኛ ባል ጋር ዝምድና የላቸውም። አፍ ውስጥ ያለው ድምፅ ጥቂት ነው፣ ቋንቋው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ አጫጭር ቃላት መገጣጠማቸው አይቀርም። መንገድ ላይ እኛን የምትመስል ሴት አይታችሁ "አበሻ ነሽ?" ስትሏት ሱዳናዊት እንደምትሆነው ነው።

ታዲያ እውነተኛው ዘመድ በምን ይታወቃል? በዐይኗ ነው፤ "ዐ" በምትባለው ፊደል ማለቴ ነው። ዐረቦች ከጉሮሮ አንቀው የሚያወጧት፣ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ጽፈን የማናነባት ድምፅ። "ባሊክ" ውስጥ እሷ የለችም። የእኛ ባል ግን ጥንት ነበረችው። በግዕዝ "በዓል" ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው፤ "ባዕል" ሀብታም፣ "ብዕል" ሀብት። ዐይኗ በአማርኛ ስትጠፋ "ባል" ቀረ። የትግርኛ ተናጋሪ እኅቶቻችን እስከ ዛሬ "በዓል ቤት" ሲሉ ጥርት አድርገው ይሏታል፤ ዐረብኛም ከእኛ አስቀድመው የሚያምርላቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ባል መጀመሪያ "ያለው፣ የያዘ" ማለት ነው። ባለ ሱቅ፣ ባለ ጠጋ፣ ባለሙያ ስንል ይኸው ቃል ነው። ባላባት "ባለ አባት" ነው። ባላገር "ባለ አገር" ነው፤ እስቲ አስቡት! ከተሜው ሊሰድበን ባላገር ሲለን የአገር ባለቤት እያለን ነው። ባልቴት "በዓልተ ቤት" ከሚለው ነው፤ የቤት እመቤት ማለት ነበር። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። ባለቤት በእነሱ "ባዓል ሀባይት" ነው፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የአውሮፓ አይሁዶች በይዲሽ ቋንቋቸው "ባሌቦስ" ይሉታል፤ ቤቷን አሳምራ የምትይዝ ሴት ደግሞ "ባሌቦስታ" ናት።

የዐረቦቹም ዘመድ አለ፤ አትክልት ገበያ ነው ያገኘሁት። ባሚያ ወይም ቲማቲም ላይ "ባዕሊ" ብለው ይጽፋሉ፣ ዋጋውም ከሌላው ይወደዳል። ውሃ ሳይጠጣ፣ በዝናብ ብቻ የበቀለ ማለት ነው። ለምን "ባዕል" ተባለ? በከነዓን ዘመን ዝናብ የሚያዘንበው በኣል የሚባለው ጣዖት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ስሙም "ጌታ" ማለት ነው። በሶርያ ባሕር ዳር ራስ ሻምራ በሚባል ቦታ በ1929 እ.ኤ.አ. ቁፋሮ ተጀምሮ ብዙ የሸክላ ጽሑፍ ወጥቷል፤ እዚያ ላይ በኣል "በደመና ላይ የሚጋልብ" ተብሏል። ሰዎቹ ጣዖቱን ከተዉ ስንት ዘመን ሆነ፣ ስሙ ግን ቲማቲም ላይ ቀረ።

አሁን 1ኛ ነገሥት 17ንና 18ን ገልጣችሁ እንደገና አንብቡ። ኤልዛቤል የሲዶና ንጉሥ ልጅ ናት፤ የአባቷ ስም ኤትበኣል ነው፣ በስሙ ውስጥ በኣል አለ። ኤልያስ ግን የገለዓድ ሰው ነው፤ ገለዓድ እኛ ባለንበት በዮርዳኖስ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። እሱ ሄዶ "ዝናብ አይዘንብም" አለ። ለምን ዝናብ? እኔ ድሮ ቅጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የዝናብ ጌታ የተባለውን በገዛ ሥራው ላይ ነው የያዘው።

ሙስሊም እኅቶቻችንም በቁርኣን ሁለቱንም ታገኙታላችሁ። በሱረቱ ሁድ 72 የኢብራሂም ሚስት ስለ ባሏ ስትናገር "ባዕሊ" ትላለች፤ በሱረቱ ሷፋት 125 ደግሞ ነቢዩ ኢልያስ ሕዝቡን ስለ ባዕል ጣዖት ይወቅሳል። በዛሬው የአማን ንግግር ግን ባል "ጆዝ" ነው፣ ባዕል አይባልም።

አንድ ቃል ጌታም፣ ባለንብረትም፣ ባልም መሆኑ ያኔም ያስቸግር ነበር መሰለኝ። ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደ ሚስት ሲያናግር ከእንግዲህ "በኣሌ" እንዳትለው ይነግራታል። በዕብራይስጡ በምትኩ የተሰጣት ቃል "ኢሺ" ነው፤ "የኔ ሰው" እንደማለት ነው። የጣዖቱ ስም ከአፏ እንዲጠፋ ነው፤ ነገር ግን "ጌታዬ፣ ያዥዬ" ከማለት "የኔ ሰው" ማለት ይቀርባል። ዛሬም በእስራኤል ባል "ባዓል" ነው የሚባለው፤ አንዳንድ ሴቶች ግን ሆን ብለው "ኢሺ" ይላሉ።

ይህን ስጽፍ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ትዝ አለችኝ። ዓርብ ዕለት መጥታ "ባለቤቴ ፓስፖርቴን ቆለፈችብኝ" አለችን። ባለቤት ሲባል ባል መስሎን "ቆለፈችብኝ" ስትል ሁላችንም በሳቅ ወደቅን። እሷ ማዳሟን ማለቷ ነበር። የቤቱ ባለቤት ስለሆነች የእሷም ባለቤት መስላታለች፤ ቃሉን ማንም ሳያስተምራት ራሷ ነው ያገኘችው። ከዚያ ማንም አልሳቀም። አንዷ ትልቅ እኅታችን አጠገቧ ተቀምጣ "ያቺ የቤቱ ባለቤት ናት፣ ያንቺ አሠሪ ናት፤ ፓስፖርቱም ያንቺ ነው" አለቻት። ልጅቷ በከንፈሯ "አሠሪዬ፣ አሠሪዬ" እያለች ስትለማመድ አየኋት።