የጓሮ ዘመን አቆጣጠር

ደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ ጥቅምት ወር። ትምህርቱን ጨርሶ የአባቱን ጓሮ የተረከበ ወጣት ጎረቤቱን እማማን ይጠይቃል።

ወጣቱ፦ እማማ፣ ክረምቱን ሙሉ ጎመን ወደ ገበያ ባወጣም ዋጋ አላገኘሁበትም። አሁን ደግሞ አብቦ ቅጠሉ መረረ።

እማማ፦ በክረምት ጎመን ያጣ ማን አለና ይገዛሃል? የዘራኸው ዝናቡን አይተህ ነው፤ እኔ የምዘራው ጾሙን አይቼ ነው።

ወጣቱ፦ እንዴት አድርገው?

እማማ፦ ወደኋላ ቆጥሬ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ጎመን ከዘሩ እስከ ቅጠሉ ሁለት ወር ይፈልጋል፤ እንግዲህ መስከረም አጋማሽ ላይ መደብ ላይ መሆን ነበረበት። እሱስ አለፈህ። ዓቢይ ጾም ግን ገና ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፤ ሰው ሁሉ ቅጠል ፈላጊ ነው። መግቢያው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቅ ቄስ ጠይቅና ከዚያ ላይ ቀንስ። ለጎመንና ለቆስጣ ሁለት ወር፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ሦስት ወር። በእኛ ብርድ ደግሞ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጨምርበት።

ወጣቱ፦ ውርጩ አያቃጥለውም?

እማማ፦ ጎመንና ቆስጣ ይችሉታል። ድንችና ቃሪያን ለማጥፋት ግን አንድ ሌሊት ይበቃል። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ነው፤ ብርድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳልና የታችኛው መደብህ ቀድሞ ይመታል። ስስ ተክልህን ወደ ላይ አውጣው። ምሽት ላይ ሰማዩን አይተህ ከጠረጠርክ ጭድ አልብሰው። ቀን ውኃ የጠጣ አፈርም ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

ወጣቱ፦ በሶብላውስ? አጥር ሥር ያለው ሁሉ አብቧል።

እማማ፦ ምን ትጠብቃለህ ታዲያ? ዛሬ ነገ ሳትል እጨደው! አንዴ ውርጭ ካየ ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ። ለሽሮና ለበርበሬ የሚፈለገው ፍሬ የቋጠረው ራሱ ነው፤ ከነዘንጉ ቆርጠህ፣ ጥቂት ጥቂቱን አስረህ፣ ጥላ ውስጥ ቁልቁል ስቀለው። ፀሐይ ላይ ያሰጡታል አንዳንዶች፤ ሽታው ለሰማይ ነው የሚቀረው። የዘንድሮ በርበሬ ገበያ ሲገባ ባልትና የምታውቅ ሴት ሁሉ በሶብላ ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ አውጣው። ለራሴ የሚበቃኝን ዘር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የማስቀረው። ዘር ገዝቶ የሚዘራ ባለጓሮ አይገባኝም።

ወጣቱ፦ ጤና አዳምስ?

እማማ፦ እሱ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ቡናውም እርጎውም ይፈልገዋል። ክረምት ሲገባ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትሰካው ይያዝልሃል። ጦስኝ ግን የተራራ ነው፤ ስትለቅም ጫፍ ጫፉን ቅጠፍ እንጂ ከሥሩ አትንቀል፤ የነቀሉበት ቦታ ራቁቱን ቀርቷል።

ወጣቱ፦ ቲማቲምና ሽንኩርት ለመሞከር አስቤ ነበር።

እማማ፦ ሽንኩርቱን ለፎገራ ገበሬዎች ተውላቸው። ሩዛቸውን ካጨዱ በኋላ የርብንና የጉማራን ውኃ እየሳቡ ሜዳውን ይሞሉታል፤ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ አንተ በሁለት መደብ ምን ትሆናለህ? ነጭ ሽንኩርት ያዋጣሃል፣ ሰኔ ላይ ትከለው። ቲማቲም ክረምት ላይ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬው ይበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ ውርጭ አለ። ለወጥህ ያህል ከቤቱ ግድግዳ ሥር ሁለት ሦስት እግር ትከል፤ ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ይደግፈዋል። ይልቅ ንገረኝ፣ የጉድጓዳችሁ ውኃ መጋቢት ላይ እንዴት ነው?

ወጣቱ፦ ይወርዳል። ባልዲው በግማሽ ነው የሚወጣው።

እማማ፦ ጓሮህን በዚያ ባልዲ ለካው። ኅዳር ላይ ውኃው ሞልቶ ስታየው አሥር መደብ ያምርሃል፤ ጾሙ ሲጋመስ ግማሹን ፀሐይ ይበላዋል። በአራት መደብ ጀምር፤ ሁለቱ ጎመን፣ አንዱ ቆስጣ፣ አንዱ ካሮት። ካሮቱን ሁሉ በአንድ ቀን አትዝራ፤ እኩሉ ለጾሙ መግቢያ ይድረስ፣ እኩሉ ለደብረ ዘይት እሑድ።

ወጣቱ፦ ለፋሲካ ማግስትስ ምን ላድርስ?

እማማ፦ ለፋሲካ ማግስት? ማን ጎመን ሊገዛህ? ያን ጊዜ መሬቱን ቆፍረህ ለድንቹ አሰናዳ።